አዋላጅ ያልነበረው ጤና ጣቢያ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያሰብሽውን ሁሉ ያቅናልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። አያትሽ ጉልበቷን ቢያማትም ምላሷ ደህና ነው። እዚያ ብርድ አይጠፋምና ጆሮሽን ሸፍኚ።

እኔ ከከተማው ጋዜጣ ተባረርኩ። እንደምታውቂው፣ እኛ ዘንድ የምረቃ ዜና የሚጻፈው ከምረቃው በፊት ነው። አለቃዬ «የሰፈራችን ጤና ጣቢያ እናቶችን ማዋለድ ጀመረ» ብሎ አወጣ። ሪባኑም ተቆረጠ፤ ውስጡ ግን አልጋም አዋላጅም አልነበረም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ዜናውን አምና፣ ምጥ ሲይዛት ወደዚያ ሄደች። በሩ ዝግ ነበር። ሌላ ሐኪም ቤት እስክትደርስ ሕፃኑ ሞተባት።

«ማረሚያ እናውጣ» አልኩት አለቃዬን።

«እህቴ፣ የሞተ ላይመለስ በገዛ እጅሽ የእንጀራ ጉሮሮሽን አትዝጊ» አለኝ። «ይልቅ የመጪውን ሳምንት የጽዳት ዘመቻ ጻፊ።»

ማረሚያውን እኔው ጻፍኩትና ጤና ጣቢያው በር ላይ ለጠፍኩት፤ «እዚህ አዋላጅ የለም፤ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ሂዱ» ይላል። ከሥሩ ስሜን ፈረምኩ። በማግስቱ የቢሮ ቁልፌን ተቀበሉኝ። ወረቀቱን በቀደዱት ቁጥር ሌላ እለጥፋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አክስትሽ ሰው አፍራ «ሥራዋን ለቀቀች» ስትል ብትሰሚ፣ «ተባረረች» ብለሽ አርሚልኝ። እደጊልኝ፤ አንገትሽን የሚያስደፋ አይግጠምሽ።

እናትሽ