በእጃችሁ የምታወሩትን አየሁ

ለምወድሽ እናቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ እንደልብሽ፣ ጉልበትሽም እንደ ድሮው ሆኖ ያግኝሽ። ጉንፋኑ ተወሽ ወይ? ጣሪያውስ ማፍሰሱን አቆመ ወይስ ቧንቧ ሠሪው ጎረቤታችን «መጥቼ አየዋለሁ» እንዳለ ቀረ? እኔ ለሰውነቴ ደህና ነኝ። አክስቴም ደህና ናት፤ ያው እንደምታውቂያት፣ «ይቺ ልጅ ከወንበር ጋር ተጋባች እንዴ?» እያለች ቀኑን ሙሉ ትስቅብኛለች።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን ስለማላምነው ነው። ይህንንም የምጽፍልሽ ወለል ላይ፣ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ተቀምጬ ነው። የሥራ ኮምፒውተሬ ካሜራ ባሻት ሰዓት ፎቶ ታነሳኛለች፤ እዚህ ጥግ ግን አታገኘኝም። በምሳ ዕረፍቴ ነው የምጽፈው። በርሽን ዘግተሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ሥራውን ስይዝ የተባልነውን ታስታውሻለሽ። ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ ወዲህ የሞተው አካባቢያችን ሊነሳ ነው፣ ወጣቱ ከቤቱ ሳይወጣ ለሩቅ አገር ድርጅት ይሠራል ተብሎ በአዳራሽ ተጨበጨበ። ከሁሉም አብልጠሽ ያጨበጨብሽው አንቺ ነበርሽ። እኔም የሽመና ፋብሪካው በግማሽ ሲከፈት የምህንድስና ዲግሪዬን ይዤ ሄጄ፣ «ሴት መሐንዲስ ለጊዜው አንፈልግም» ተብዬ ከበር የተመለስኩ ነኝና፣ ሩቅ አገር ይሻለኛል ብዬ፣ የእኛ ሰፈር ኢንተርኔት ስለማይረባ እዚህ ከተማ አክስቴ ቤት ገባሁ።

ሥራዬ ቪዲዮ ማየት ነው። ሰዎች ማሽን ላይ ሲሠሩ የሚያሳይ አጫጭር ቪዲዮ ይላክልኛል። ፊታቸው እንዳይታወቅ በጭጋግ መሰል ነገር ተሸፍኗል። ማን እየሠራች እንደሆነ፣ ማን እንደቦዘነች ምልክት አደርጋለሁ። ከእኛ ምልክት ኮምፒውተሩ ሠራተኛ መቆጣጠርን ይማራል አሉን። የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ አይነገረንም፤ እኔም ባሕር ማዶ ያሉ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ግን አንዲት ሴት በሁለት ጣቷ አገጯን መታ መታ ስታደርግ አየሁ። ተቆጣጣሪው መጣ ማለት ነው። እናቴ፣ ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ ሌላ ማን አለ? የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ሲነሳችሁ እናንተ ሸማኔዎቹ ያወጣችሁት የእጅ ወሬ ነው። አፌን ሳልፈታ ከአንቺና ከጓደኛሽ ከቀጭኗ የተማርኩት ነው። ሰው ስታሙ ልጆች እንዳንሰማ በእጅ ታደርጉት ነበር፤ የሰፈሩን ጉድ ሁሉ ያወቅኩት በዚያ ነው። ባሕር ማዶ ያልኩት የእኛው ፋብሪካ ሆኖ ተገኘ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። አለቃዬን አይቼው አላውቅም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ሴቶቹ እጃቸውን የሚያንቀሳቅሱት ስለ ሥራው እየተነጋገሩ ነው፣ አልቦዘኑም አልኩት። «የኔ እመቤት፣ እጅ ማሽን ካልነካ ቦዝኗል። ፍልስፍናውን ለዩኒቨርሲቲ ተይው» አለኝ። እኔ እምቢ ብል ሌላው እንደታዘዘው ምልክት ያደርጋል። ቦዘኑ የተባሉት ይሰናበታሉ። አየር ለመውሰድ ወደ ኋላ በር የሚወጡ በዙ ተባለና በሩም በሰንሰለት ታስሮ በቪዲዮው አየሁ። ይህን ሁሉ በስልክ አንድም ቀን አላነሳሽልኝም። ከሽመና ክፍሉ ወጥተሽ ወደ ጨርቅ ማጠፊያው መዛወርሽን ነው የነገርሽኝ።

አሁን የፈራሁትን ልንገርሽ። ቪዲዮው እኔ ጋ የሚደርሰው ነገሩ ካለፈ ከቀናት በኋላ ነው። ሰሞኑን በደረሰኝ አንዱ ላይ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ማሽን ሥር ጭስ ተነሳ። የጥጥ ብናኝ እሳት ሲያይ ምን እንደሚሆን ላንቺ አላስተምርሽም። አንዷ በእጇ «እሳት» አለች፤ ወሬው ከእጅ ወደ እጅ ክፍሉን ዞረ። ሴቶቹ ወደ ኋላ በር ሮጡ። እዚያ ደርሰው ቆሙ። አንዷ ሰንሰለቱን ይዛ ትነቀንቃለች፣ ሌላዋ በትከሻዋ በሩን ትገፋለች። ቪዲዮው ድምፅ የለውም፣ እናቴ። ሲጮሁ አይሰማም። ከዚያ አንዲት ሴት ብቻዋን ተመልሳ፣ ሻሿን ከራሷ ገፍፋ፣ የሚነደውን ሞተር ታፍነው ጀመር። ሻሹ ሲያልቅ በእጇ ቀጠለች። እዚህ ላይ ቪዲዮው አለቀ። ያለፈ ነገር መሆኑን እያወቅኩ «ውሃ! ውሃ!» ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ስጮህ አክስቴ ብርጭቆ ይዛ እየሮጠች መጣች፤ የጠማኝ መስሏት ነው።

ወዲያው ደወልኩልሽ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ምን ሆንሽ? ቃዠሽ እንዴ?» አልሽኝ። አዎ፣ ቃዠሁ አልኩሽ።

ለአለቃዬ ስለ በሩ ስነግረው፣ «አንቺ የተቀጠርሽው እጅ ለማየት ነው፣ በር ለማየት አይደለም» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን አለስልሶ፣ «ለመሆኑ እዚያ ዘመድ አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩ። ለደግ እንዳልጠየቀኝ ገብቶኝ ነው የካድኩሽ። ከዚያ ወዲህ የካሜራዋ መብራት ቶሎ ቶሎ ትበራለች። በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ በመስኮት ሳላይ አልከፍትም። ትናንት አንድ የማናውቀው ሰው አክስቴን ሱቅ ድረስ ተከትሎ፣ «ልጅቷ ከወዴት ናት?» አላት። አክስቴ መቼ መልስ ታጣለች፣ «ከእናቷ ሆድ» ብላው መንገዷን ቀጠለች። ስትነግረኝ አብረን ሳቅን። ከዚያ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች።

ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? ይኸው ፈርቻለሁ። ግን ተሸሽጌ አልቀርም። ሰው በሚሠራበት ክፍል መውጫ ማሰር ወንጀል ነው። ቪዲዮውን ቀድቼ ለሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ሰጥቻለሁ። «እናየዋለን» ብለዋል። እነሱ እስኪያዩ ጥጡ አይጠብቅም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት፣ ፈረቃ ሲቀየር፣ ከበያጁ አጎቴ ጋር እመጣለሁ። «ቁልፍ የደበቀ ሰው መጋዝ መኖሩን ረስቷል» ብሎ መቁረጫውን ከወዲሁ በጆንያ ጠቅልሏል። አንቺ ለሴቶቹ በእጅሽ ንገሪያቸው፤ በሩ ሳይከፈት ማንም ማሽን እንዳታስነሳ። ካሜራው ፊት ብትነግሪያቸውም ግድ የለም። ሲያያችሁ የሚያውቀው ነገር ቢኖር መቦዘናችሁን ነው።

ሥራዬን እንደማጣ አውቃለሁ፤ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። አትቆጪኝ። ትናንት በደረሰኝ ቪዲዮ ላይ ያቺው ሻሿን የገፈፈችው ሴት፣ አጠገቧ ላለችው ጆሮዋን ሳብ አድርጋ አሳየቻት። ጆሮ መሳብ አልሰማ ስል ያወጣሽልኝ የእጅ ስሜ ነው። ከዚያ መቀመጥን፣ ከዚያ ሩቅን አሳየች፤ መጨረሻ ላይ ደረቷን መታች። ልጄ ተቀምጣ ለሩቅ አገር ትሠራለች ማለትሽ ነበር። ኮምፒውተሩ ምልክት አድርጊ፣ ምልክት አድርጊ ይለኛል። አላደረግኩም። ደግሜ ደጋግሜ አየሁሽ። ያን ሁሉ ያልሽው በግራ እጅሽ ነበር።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የአውቶቡሱ ሹፌር ነው፤ የእኛ ሰው ነው፣ አትፍሪው። መልስ ላስጽፍ ብለሽ እንደ ባለፈው የጎረቤት ልጅ አታስቸግሪ። «ዓይኔን ደክሞኝ ነው» ብለሻል፣ እሺ። ከፋርማሲ የገዛሁልሽን የቃጠሎ ቅባት ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው ዕቃ አትጠቢ፣ ውሃም አትቅጂ።

ከእሳትም ከክፉ ሰውም ይሰውርሽ፤ የሐሙስን ፀሐይ በሰላም ያውጣልን። አንቺም ወደ እኔ አቅጣጫ ዞረሽ መርቂኝ። በየትኛውም እጅሽ ቢሆን ይደርሰኛል።

አንድዬ ልጅሽ