ስለ ሳንቃህ ብረት የመከርኩህ

ለልጄ ለምንይሉ፤ የዋግን ተራሮች የሚያህል ሰላምታዬ ባለህበት ባሕር ማዶ ይድረስህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ገብሱም አሽቷል።

በፋሲካ ደውለህ፣ ላይዋ ቆመህ ቁልቁለት ለምትወርድባት ባለጎማ ሳንቃ፣ ጎማዎቹን የሚይዘውን ብረት የቱን ልምረጥ ብትለኝ «ቶሎ የሚዞረውን» አልኩህ። በቅሎ የመረጥኩ መስሎኝ ነው፤ በእኛ ገደል ቶሎ የምትዞር በቅሎ ጌታዋን ታተርፋለች።

ትናንት ይህን ለመካኒኩ ለትእዛዙ ባወራለት፣ «አያ ካሳ፣ እሱማ ፍጥነት ላይ ይገለብጣል እኮ! ቀስ ብሎ የሚዞረው ነው የሚሻለው» አለኝ። ተሟገትኩት፤ ረታኝ። እናትህ ብትኖር እልል ትል ነበር።

እና ቀስ ብሎ የሚዞረውን ግዛ፤ ያኛውን ገዝተህም ከሆነ ለውጠው። የምጽፈው ስልክህ ከሰኔ ወዲህ ስለማይነሣ ነው።

መድኃኔዓለም ከፊትህ ይቅደም። መልሱን በሰው አታስጽፍ፤ በገዛ እጅህ ጻፍልኝ።

አባትህ ካሳ፣ ከሰቆጣ