አክስት የምንላት ካርድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ለማንም አልናገረውም፤ ደብተሬ ሆይ፣ ላንቺ ብቻ... ዛሬ ሚሞሪ ካርድ ላስኩ። አዎ፣ በምላሴ! ያውም ደንበኛ ፊት።

ሁለት ዓመት ሙሉ አለቃዬ ካርድ እምቢ ባለው ቁጥር ወርቅማ ጎኑን ልሶ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ እያየሁ ሲያቅለሸልሸኝ ኖሬያለሁ። “ጋሽ ምላስ” የሚለውን ስም ያወጣሁለትም እኔው ነኝ። ዛሬ ግን እጄ ሳያማክረኝ ወደ አፌ ሄደ። የሳንቲምና የላብ ጣዕም። ደንበኛው ፊቱን አዞረ። ኤጭ!

ሌላው እንደወትሮው። ሦስት ቦርድ ፈትሼ “አልፏል” ብዬ ፈረምኩ። ቦርዱ የእኛው ሥራ ነው፤ የክትባት ፍሪጅ ላይ ተገጥሞ በየአሥር ደቂቃው ሙቀቱን ካርድ ላይ የሚጽፍ። እንደ ልማዳችን በአክስት ፈተሽኳቸው። አክስት ማለት መሳቢያ ውስጥ የምትኖር፣ ጽሑፏ የለቀቀ አሮጌ ካርድ ናት። የትኛውም ቦርድ ውስጥ ብትገባ እሺ ባይ። ለደንበኛ የሚሄዱትን አዲሶቹን ካርዶች ግን ከማሸጊያቸው አናወጣም፤ “እንዳይቆሽሹ” ይላል ጋሽ ምላስ።

እሱ! ስለ ቆሻሻ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

እትዬ ደወለች። ታላቅ እህቴ የአንድ ክሊኒክ መድኃኒት ክፍል ኃላፊ ናት። የእኛን ዕቃ ያስገዛቻቸውም እሷ፣ በእኔ ጉትጎታ።

“የእናንተ ነገር ባዶ ነው” አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ።

“ምኑ?”

“ካርዱ ነዋ! መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ አሥራ አንድ ቀን... አንዲት ቁጥር የለችበትም።”

“አረንጓዴዋ አምፖል ብልጭ አትልም እንዴ?”

“ትላለች እንጂ! እንደ ጅል ብልጭ ብልጭ ትላለች!”

ተቆጣጣሪው የሙቀት መዝገብ የሌለው ክትባት ለልጅ አይሰጥም ብሎ ፍሪጁን አሽጎታል። እሷን ደግሞ “መሣሪያውን ያጠፋሽው አንቺ ትሆኚያለሽ፤ እስከ ሰኞ በጽሑፍ መልስ ስጪ” ብሏታል። ካልሆነ ከሥራ ልትታገድ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሠራችበት ቦታ! ድምጿ ተንቀጠቀጠ... እትዬ እኮ አታለቅስም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ቦርዱንም ካርዱንም ከእትዬ ክሊኒክ አስመጣሁ። ከዚያ ካርዶቹን ለድርጅታችን የሚገዛው ዕቃ ገዢያችን ላይ ወረድኩበት። “ርካሽ ካርድ እየለቀምክ አዋረድከን!” አልኩት ሰው ሁሉ እየሰማ። ደረሰኙን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ሄደ። ደህና ካርድ ነው። የታዘዘውን ነው የገዛው።

ካርዱን ፎርማት አደረግሁት። አምስት ሌሎች አዳዲስ ካርዶችም እየቀያየርኩ ሞከርኩ። ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ይሠራሉ። የእኛ ቦርድ ላይ ግን አንዴ ሁለቱ ይሠራሉ፣ አንዴ አንዱም አይሠራ።

ጋሽ ምላስ መጣ። ላሰ። እምቢ አለ። ሌላውን ላሰ። እምቢ።

“አክስትን አምጪያት!”

አክስት ገና ከመግባቷ ሠራች።

“አየሽ? ቦርዱ ጤነኛ ነው!” አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ቦርዱም ጤነኛ፣ ካርዱም ጤነኛ... ታዲያ በሽተኛው ማን ነው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አገኘሁት። ባላገኘው ይሻለኝ ነበር ልበል?

አዲሶቹ ካርዶች ብዙ የሚይዙ ናቸው፤ መብራት ሲመጣ ለመንቃት ትንሽ ጊዜ ይፈልጋሉ። ጋሽ ምላስ የጻፈው ፕሮግራም ግን አንዴ ይጣራል፤ ወዲያው “አቤት” ካላሉት ካርድ የለም ብሎ ያልፋል። አክስት የምትይዘው ጥቂት ስለሆነ ገና ሳትጠራ አቤት ትላለች። አምፖሏ ደግሞ ተጻፈም አልተጻፈም ብልጭ ትላለች። ዓይኗን በጨው ያጠበች!

ፕሮግራሙ የእሱ ነው። “አልፏል” ብሎ የፈረመውስ? እኔ። እስካሁን ለደንበኛ የወጣ አርባ ቦርድ። አርባውንም በአክስት። አብሮት የሚሄደውን ካርድ አንድም ቀን አስገብቼ አላውቅም። ራሴን ጠላሁት... ከምላሱ በላይ።

ፕሮግራሙ ታግሦ ደጋግሞ እንዲጣራ አደረግሁት። ሃያ ጊዜ አጠፋሁ፣ ሃያ ጊዜ አበራሁ። ሃያውንም ጊዜ ጻፈ።

“ጎበዝ!” አለ ጋሽ ምላስ። “በዝምታ እናስተካክላለን። ለክሊኒኩ ግን ‘ተጠቃሚው የማይስማማ ካርድ አስገብቷል’ ብለን እንጻፍ።”

“ተጠቃሚው እኮ እህቴ ናት!”

“ስም እንጥራ መቼ አልኩሽ?”

ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ፤ በዚያው ምራቅ በነካው እጁ። ቤት ስገባ ሸሚዙን አውልቄ በጣቴ ጫፍ ይዤ ወደ ማጠቢያው ወረወርኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

እትዬ ጋ ምሳ በላሁ። ስለ ካርዱ አልጠየቀችኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ ባዶ ወረቀት አወጣሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩ፣ ራሴ ፈረምኩ፣ ራሴ ወሰድኩ። ተቆጣጣሪው ሁለት ጊዜ አነበበው።

“አርባውም?”

“አርባውም።”

“አለቃሽ ያውቃል?”

“ዛሬ ያውቃል።”

እትዬ ነፃ ሆነች። ክትባቱ ግን ተወገደ፤ ባዶ መዝገብ በደብዳቤ አይሞላም። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ያወጣቻቸው እሷ ናት። ላግዝሽ ብላት “ተይ፣ አንቺ ቁሚና እዪ” አለችኝ። ቆሜ አየሁ።

በኋላ በር ላይ ካርድ የመላሴን ነገር ነገርኳት። “ልስምሽ ነበር” አለች፣ “መጀመሪያ አፍሽን ታጠቢ።”

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጋሽ ምላስ ኩርፊያ ላይ ነው። አላባረረኝም፤ ፕሮግራሙን ማን ያስተካክልለታል? ዕቃ ገዢውን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የሰደብኩትም እዚያው ነበርና። እሱም ካርድ መጥረጊያ ብሎ አንድ ጠርሙስ አልኮልና ጥጥ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። “ለምላስሽ የዓመት ፈቃድ” አለኝ።

ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ቦርድ የሚፈተሸው አብሮት በሚሄደው ካርድ ነው፤ ሃያ ጊዜ ጠፍቶ፣ ሃያ ጊዜ በርቶ። “ማሸጊያው ይቀደዳላ!” አለ ጋሽ ምላስ። ይቀደድ!

አክስትን እዚህ ገጽ ላይ በፕላስተር ለጥፌያታለሁ። ጡረታ ወጥታለች።

ነገ ከዕቃ ገዢው ጋር ወደ ቀሪዎቹ ሠላሳ ዘጠኝ እንሄዳለን። መጀመሪያ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ያለው ክሊኒክ። እዚያም አረንጓዴዋ ብልጭ ብልጭ እያለች ይሆናል... ከሥሯ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ስመለስ ያገኘሁትን ሁሉ እዚህ አሰፍራለሁ። ባዶም ቢሆን፣ ባዶ ብዬ።