ለዘር የተተወችው ቲማቲም

ፕሮፌሰር፣

የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ወደ ሆስፒታል ልሮጥ ነው። በጋራ ወጥ ቤታችን ምድጃ ላይ የፓስታ ስጎ አለ፤ አሙቀህ ብላ። ለምን እንዲህ እንደጣፈጠ ከመጠየቅህ በፊት ግን ቁጭ በል።

ከእናትህ በወረስከው ዘር ያበቀልካትን፣ "እመቤት" የምትላትን ትልቋን ቲማቲም ጨምሬበታለሁ። "ለዘር ናት፣ እንዳትነኪ!" የሚለውን ወረቀትህን ያየሁት ከከተፍኳት በኋላ ነው። የተከተፈ ደግሞ ተመልሶ አይሰፋም። ፍሬዎቿን ለቅሜ፣ አጥቤ ጋዜጣ ላይ አስጥቻቸዋለሁ፤ መስኮቱን እንዳትከፍት፣ ንፋስ ይወስዳቸዋል።

ጥፋቱ የኔ ነው።
ግማሹ።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን በትኩሳት ስተኛ በሬን ያላንኳኳኸው ሰውዬ፣ እመቤትን በየጠዋቱ "እንዴት አደርሽልኝ?" ስትላት በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር።

ነገ ጠዋት ስገባ የፈለግከውን ያህል ተቆጣ፤ መጀመሪያ ግን እኔንም እንዴት አደርሽ በለኝ።