ኮከቡ ይምጣ ወይስ ስፖንጁ

ሰኞ ጥቅምት 3፣ ከሰዓት

ዛሬም የሪንጉን ሸራ እየሰፋሁ ነው። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ አልቋል። የምናታግላቸው ልጆች የሚወድቁት ጣውላው ላይ ነው ማለት ይቻላል። የዘንድሮው ገንዘብ ለስፖንጅ ነበር። ነበር!

ዳዊት ስልኩን ይዞ መጣ። ሬስሊንጉን አብረን ነው የጀመርነው፤ ሽሮ ሜዳ አዳራሽ ተከራይተን ቅዳሜ ቅዳሜ እናሳያለን። ከናይሮቢ በቲቪ የታወቀ ሬስለር አግኝቷል። ለአንድ ቀን ይመጣል። የሚጠይቀው ያለንን በሙሉ። ነቢይ በአገሩ አይከበርም፣ ሰው የሸማኔ ልጅ ሲታገል ለማየት አይከፍልም ይላል ዳዊት። ተናደድኩ። የሚያናድደው ደግሞ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። መልስ እስከሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ።

ረቡዕ ጥቅምት 5

ማስታወሻዬ፣ ቀናሁ። ዳዊት ለሙከራ ብሎ የሰውየውን ፎቶ አንድ ጋቢ መሸጫ በር ላይ ለጠፈ። ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ ተኮለኮለ። የእኛን ፖስተር ቀና ብሎ ያየው የለም። የባሱት የራሴ ሬስለሮች! ካሱ፣ ክፉውን ሆኖ የሚጫወተው፣ ከሰውየው ጋር ልግባ እንጂ በነፃ እሠራለሁ አለ። አቤል፣ ደጉ፣ ሁሌ የሚያሸንፈው፣ አብሮት ፎቶ መነሣት ብቻ ይበቃዋል።

ከሰዓት ልምምድ። አቤል በጀርባው ወደቀ። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ጳውሎስ ሆ/ል ወሰድነው። አልተሰበረም፣ ተመስገን። ሐኪሙ ምን ላይ ነው የወደቀው ሲለኝ መሬት መሬት አየሁ።

ቢሆንም... ኮከቡ ከመጣ ስፖንሰር ይመጣል፣ ስፖንሰር ከመጣ ስፖንጅ። ዳዊት ሞኝ አይደለም። ይምጣ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጥቅምት 8፣ ምሽት

ሳልተኛ ልጻፈው።

አዳራሹ ግማሹ ባዶ። አቤልን እረፍ ብለው እምቢ አለ፣ ገባ። እንደ ተለማመዱት ካሱ ጣለው፣ የፕላስቲክ ወንበር አነሣ። አሁን አቤል ተነሥቶ ማሸነፍ አለበት። ጋሽ ኦይቻ ግን ብድግ ብለው ወጡ። የካሱ ጎረቤት ናቸው፣ ሸማኔ፣ ሬስሊንግ አይተው አያውቁም። ሰልችቷቸው ነው ብዬ ነበር። ተመለሱ። በእጃቸው ከግቢው የነጩት እርጥብ ሳር። ሪንጉ ሥር ተንበረከኩ። ጠቡ እውነት መስሏቸው!

ካሱ የጋሞ ልጅ ነው። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ያንን አልፎ መምታት የለም፤ ነውር ብቻ አይደለም፣ እርግማን ነው። ወንበሩን ከአናቱ በላይ እንደያዘ ደረቀ። አቤል ተኝቶ ምቱን ይጠብቃል። ዳዊት ከመጋረጃው ኋላ፣ ምታው እንጂ! ካሱ ወንበሩን አስቀመጠ። ተንበረከከ። አቤልን አቅፎ አነሣው። ሰው ሁሉ ቆመ፣ እልልታው ቀለጠ። አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

እሑድ ጥቅምት 9

ዳዊት በጠዋት ደወለ። ሽማግሌውን እንቅጠራቸው፣ በየሳምንቱ ይንበርከኩ፣ ኮከቡ ሲመጣማ ያምራል አለ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በሳር አይቀለድም።

ይቅርታ ልጠይቅ ጋሽ ኦይቻ ቤት ሄድኩ። ካሱ ጨዋታ መሆኑን ነግሯቸው አፍረው ተቀምጠዋል። ልጆቹ ጓደኛሞች መሆናቸውን፣ ምቱ የውሸት መሆኑን አስረዳኋቸው። ሳቁ። ትንሽ ቆይተው፣ "ልጄ፣ መውደቁስ? እሱም የውሸት ነው?"

ሻያቸውን ጠጥቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ ጥቅምት 11

ወሰንኩ። ኮከቡ አይመጣም።

ዳዊት ጮኸ። ፈራሽ አለኝ። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም፣ ያለንን እንወርውር አለ። ያለን ልጆቹ ናቸው፣ እነሱን ደግሞ ጣውላ ላይ ስንወረውር ከርመናል አልኩት። በሩን በላዬ ላይ ዘግቶ ሄደ። ይመለስ አይመለስ አላውቅም። ባይመለስ ብቻዬን እይዘዋለሁ።

ለልጆቹ ራሴ ነገርኳቸው። ካሱ እንባ አቀረረ። እና ከማን ጋር ልታገል ነው አለኝ። ከአቤል ጋር፣ ጀርባው ሲሻለው አልኩት። አዳራሹ ባይሞላም። ስፖንጁ ሳይነጠፍ ግን ቅዳሜ የሚባል የለም።

ነገ በጠዋት መርካቶ እወርዳለሁ። ወፍራሙን ነው የምገዛው።