በጣትሽ የጠቆምሽበት ቪዲዮ

ልጄ ሀሴት፣ የረገጥሽው ምድር ሁሉ ይቀበልሽ፤ እመቤቴ ከፊትሽ ትቅደም። እዚህ አሜሪካ ኮሎምበስ ደህና ነው፤ እኔም ፖላሪስ ሰፈር ያለውን ሥራዬን በማስክ እየታፈንኩ እሠራለሁ።

ከጃፓን የነዳጅ ኩባንያዎች ኢንፔክስም ኢዴሚትሱም ለሥራ ጠይቀውሽ ኤኔኦስ መግባትሽን ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ከጃፓን የላክሽልኝን ቪዲዮ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ማየት አልቻልኩም። ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ እያንዳንዱን ቫልቭ በጣትሽ እየጠቆምሽ፣ ጮክ ብለሽ "ደህና ነው" ትያለሽ፤ እዚያ ያሉት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠሩት አልሽኝ። አባትሽም የነዳጅ ቦቴውን ከማስነሳቱ በፊት ዙሪያውን እየዞረ፣ ጎማውንም ክዳኑንም በጣቱ እያንኳኳ "ደህና ነው" ይል ነበር። ሲሞት የአንድ ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ይህን ሲያደርግ አታስታውሽውም።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በመጨረሻዋ ቀን ገና ግማሹን እንደዞረ "በቃ፣ ረፈደብህ፣ ሂድ" ያልኩት እኔ ነኝ። ሳቀና ሄደ። ቦቴው አዋሽ ሳይደርስ ተቃጠለ። ዛሬም እዚህ ክሊቭላንድ አቬኑ ማደያ ቆሜ ጋዝ ስሞላ መኪናዬን በጣቱ ሲያንኳኳ እሰማዋለሁ። ዞር ስል ማንም የለም።

ፈጣሪ እጅሽን ይባርክልኝ፣ ከእሳት ይጋርድሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ሥራ ላይ ሆነሽ ኮል ባደርግልሽ አታንሺው። እኔ እጠብቃለሁ፤ አንቺ ዙርሽን ጨርሺ።

እናትሽ እናናዬ