የአራቱ ካንዴላዎች ጥቀርሻ

መርሳ፣ የካቲት 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ናፍቄዋለሁ ብዬ ለምገምተው፣ እኔን ግን በእርግጥ ለናፈቀኝ ባለቤቴ ለደሞዜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ደህና ነኝ ካልኩህ ውሸት ይሆንብኛል፤ ደህና አይደለሁም ብዬ ደግሞ በዘመትክበት አገር ላሳስብህ አልፈልግም። እንግዲህ እንዳለሁ አለሁ። ከጥቅምት ወዲህ ቃልህ አልደረሰኝም። የጦር ሜዳ ፖስታ ይዘገያል ይላሉ፤ እኔም እንደነሱ እላለሁ።

ስለ ፊያትህ ልንገርህ። ለዘመቻው ሹፌርነት ተጠርተህ ስትሄድ «ባትሪዋ እንዳይሞት አልፎ አልፎ አስነሺያት» ብለኸኝ አልነበር? እኔ አልፎ አልፎ የሚባል ነገር አላውቅበትም። በየጠዋቱ፣ እንዳሳየኸኝ የአየር መዝጊያዋን ስቤ አስነሳታለሁ። ትንሽ ካጉረመረመች በኋላ፣ ቤንዚኑ በኩፖን ነውና ቶሎ አጠፋታለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ጎረቤታችን እትዬ አልታየች ድምጿን በሰሙ ቁጥር «ደሞዜ ገባ እንዴ?» እያሉ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ይሉ ነበር። አሁን ብቅ የሚል የለም። ደግሞም ለባትሪው ብዬ አይደለም። ድምጿ ሲሰማ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለኛል።

ከጥምቀት በኋላ ማሳል ጀመረች፤ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ በመጨረሻም እምቢ አለች። አደራህን የበላሁ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። ወንድምህ ማሩ ከወልድያ መካኒኩን ኑርሁሴንን ይዞልኝ መጣ። ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሱትን አራቱን ካንዴላ ፈትቶ፣ እንዳይቀላቀሉ በተራቸው ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። ጫፋቸው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። አንዱን በጣቱ ጠረገና አሸተተው።

«ደረቅ ጥቀርሻ ነው፣ ዘይት የለውም» አለኝ። «አንዱ ብቻ በዘይት ርሶ ቢሆን፣ ሞተሯ አርጅቷል እልሽ ነበር። አራቱም እኩል ከጠቆሩ ግን ቤንዚን በዝቶባት አየር አንሷታል።» ካርቡራተሩን ከፍቶ አየ፤ ደህና ነው። የአየር ማጣሪያውን አራገፈ፤ እሱም ደህና ነው። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«ማን ነው የሚያስነሳት?» አለ።

«እኔ።»

«የት ትሄጅባታለሽ?»

«የትም።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አብሽሪ እህቴ፣ አልሐምዱሊላህ ሞተሯ ጤነኛ ነው። አየሩን ዘግተሽ ታስነሺያታለሽ፣ ሳትሞቅ ታጠፊያታለሽ። ጥቀርሻው ተቃጥሎ የሚጠፋው እሷ ስትሞቅ ነው። ዛሬ ብጠርግልሽም፣ ቆማ ከዋለች መልሶ ይጠቁራል። የጎደላት መንገድ ነው።» ስለ መኪናዋ ነው ያወራው፤ እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ማሩ «ልንዳት፣ ከመርሳ ወልድያ ሰው ላመላልስባት» እያለ ሲለምነኝ ከርሟል። «ባለቤቷ ሲመጣ ጠይቀው» እያልኩ መለስኩት። ቁልፉን ለሌላ ሰው መስጠት፣ አትመጣም ብሎ መፈረም መሰለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ወልድያ ገበያ አለሙን አገኘሁት፤ አብሮህ የዘመተውን። ለካስ ተመልሷል። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ጤናዬን ጠየቀኝ፣ የእህል ዋጋ ጠየቀኝ። አንተን አላነሳህም። እኔም አልጠየቅኩትም። ጨው የምገዛ መስዬ ተለየሁት።

ትናንት ቁልፉን ለማሩ ሰጠሁት። የተጠረጉት ካንዴላዎች ተመልሰው ታስረዋልና ገና ነካ ሲያደርጋት ተነሳች። እግሩ አጭር ነው፣ ታውቀዋለህ፤ ፔዳሉ አልደረስ ሲለው ወንበሩን ወደፊት ሊስብ ጎንበስ አለ።

«ተው ማሩ፣ እሱ እንደተወው ይሁን» አልኩት።

«ታዲያ በምን ልንዳት?»

ከአልጋችን ያንተን ትራስ አምጥቼ ከጀርባው ወሸቅኩለት። እንደዚያው ሲሪንቃ ደርሶ ተመለሰ። ዛሬ ሰው ጭኖ ወልድያ ሄዷል፤ ሲመለስ ድምጿን ከሩቁ እለየዋለሁ።

የት እንዳለህ የሚያውቅ አምላክ ከክፉ ይሰውርህ። ብርድ ከሆነም ያልብስህ፣ ጠምቶህም እንደሆነ ያጠጣህ። ትራስህን ማታ ማታ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።

ባለቤትህ ትርንጎ